የማያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ

ለብዙ ዓመታት ከቤታችን ጀርባ፣ መሬት ላይ ባለችው በረንዳ፣ በትልቅ ገንዳ ውስጥ አንድ ባሕር ዛፍ ነበረን። ብርድ ሲገባ ወደ ትሬፐንሃውሱ፣ ወደ ሕንጻው የጋራ መወጣጫ፣ እናስገባዋለን፤ ከደረጃው ሥር፣ በረጅሙ መስኮት አጠገብ ብርሃን አያጣም። ሙቀት ሲመለስ እናወጣዋለን። ገንዳው ጎማ አለው። የሚገፉት ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፤ ባለቤቴ መንገድ ያሳያል፤ እኔ በር እይዛለሁ። የሕንጻው ሰዎች ሲያልፉ አንድ ቅጠል በጣታቸው አሽተው ያሸቱና ሰላም ብለውን ይወጣሉ። ለእነሱ መልካም ሽታ ያለው ዛፍ ነበር።

ዛፉን ያመጣው ልጃችን ነው። ያለን እሱ ብቻ ነበር። እዚሁ ጀርመን፣ ጊንሃይም በሚባለው ሰፈራችን አድጎ የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ፤ ከዚያ ለአንድ ዓመት ብሎ አውስትራሊያ ሄደና እዚያው ቀረ። የሚኖረው በምዕራቡ ጠረፍ ደቡባዊ ጫፍ፣ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። አንዴ ሊጠይቀን ሲመጣ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ነገር አውጥቶ አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። የልጅ ጡጫ የሚያህል የእንጨት ድቡልቡል ነው፤ ዙሪያውን ቀንድ ቀንድ አውጥቷል።

ባለቤቴ አገላብጦ አየው። "ምንድን ነው ይሄ? የጠብ ዕቃ ነው?" አለ።

"የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፣ አባ።"

ልጃችን በአማርኛ ይጀምርና በጀርመንኛ ይጨርሳል። እኛም በዚያው ለምደን ነበር።

ባለቤቴ ሳቀበት። የባሕር ዛፍ ፍሬ እሱ ያውቃል። አባቱ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የባሕር ዛፍ መሬት ነበራቸው፤ አጠና እያስቆረጡ ይሸጡ ነበር፤ እሱም ከጉቶ ጉቶ እየዘለለ ነው ያደገው። እንዲህ ያለ ባሕር ዛፍ የለም አለ። ልጃችን ፍሬው አንድ ሳይሆን ብዙ መሆኑን፣ ሲያድጉ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ እንደሚሆኑ በጣቱ እያሳየ ነገረው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን አሳየን።

ግራጫ ቋጥኝ ወደ ባሕር ይወርዳል። በቋጥኙ ስንጥቅ፣ አሸዋ በተጠራቀመበት ሁሉ፣ ያ ዛፍ በቅሏል። ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። ነፋሱ የሚመጣው ከባሕር ስለሆነ ሁሉም ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ የብስ አጎንብሷል። ማዕበሉ ቋጥኙን ሲመታ ጨዋማው ፍንጣቂ እስከ ዛፎቹ ይደርሳል፤ በዚያ በኩል ያሉት ቅጠሎች ጫፋቸው ተለብልቧል። ቅርንጫፎቹ እስከ መሬት ወርደው ተጠላልፈዋል። ልጃችን ከዛፎቹ ሥር እየዳኸ ገብቶ ቀርጾት ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሣር አይበቅልበትም፤ የደረቀ ቅጠልና የባሕሩ ድምፅ ብቻ። አበባው አረንጓዴ የሚመታው ቢጫ ነው። ሳይፈነዳ በፊት እንቡጦቹ ጣት ይመስላሉ፤ እፍኝ ሙሉ ጣት። ትናንሽ ወፎች ይሻሙበታል።

"ይሄ አጠና አይወጣውም" አለ ባለቤቴ። "ሁሉም ጠማማ ነው።"

"እዚያ አጠና የሚፈልግ የለም። ማንም አልተከለውም፣ አባ። ዝም ብሎ እዚያ ያለ ነው።"

ባሕር ዛፍ ከውጭ የመጣ መሆኑን ተማሪ ቤት ተምሬያለሁ። ሆኖም የራሱ ሀገር ያለው፣ ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት ጠረፍ ያለው ነገር መሆኑ ያን ዕለት ነው የታየኝ። ልጃችን አንድ ቀን ወስዶ እንደሚያሳየን ነገረን። ባለቤቴ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያኔ እንሄዳለን ተባባልን።

ፍሬውን ማሞቂያው ላይ አስቀመጥነው። ከቀናት በኋላ አፉን ከፍቶ ደቃቅ ዘር አፈሰሰ። ባለቤቴ ሁሉንም ዘራው። ብዙ በቀለ፤ ብዙው ወዲያው ሞተ። አንዱ ቀረ።

ልጃችን የሞተው ከሥራ ሲመለስ በመኪና አደጋ ነው። የደወለልን አብሮት የሚሠራ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛውን መከተል ስላቃተኝ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ሰምቶ ሲጨርስ መልሶ ለእኔ ሰጠኝ። ሰው ይኑርበት አይኑርበት አላወቅኩም ነበርና እጄ ላይ ያዝኩት።

እዚያው ተቀበረ። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ሳንባው ታሞ ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሙ በዚህ ሳንባ ያን ያህል ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም አለ። እሱን ጥዬ ብቻዬን መሄድ አልቻልኩም። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ሰው መጣ፤ ሰው ሄደ። ሬሳ ሳያዩ፣ አፈር ሳያለብሱ እርም አይወጣም ይባላል። እኛም እርማችንን ሳናወጣ ቀረን።

ዛፉ ያኔ ጉልበቴ ድረስ ነበር። ባለቤቴ ከዚያ ጀምሮ ነው አጠገቡ ወንበር ያደረገው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ይወጣል፤ ይቀመጣል፤ እንዴት አደርክ ይለዋል። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ስለሆነ እሰማዋለሁ። አንድም ቀን እንደምሰማ አላሳየሁትም። የሳንባ ሐኪሙ ያዘዘለትን የትንፋሽ ልምምድ የሚሠራው እዚያ ነበር። መድኃኒቱን የሚስበው እዚያ ነበር። ቤት ውስጥ ስለምነው እምቢ የሚለኝን ሁሉ እዚያ ያለ ጭቅጭቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ዛፉ ምን እንደሚሠራልን አውቅ ነበር። እኔም ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም።

ጎረቤታችን የምፅዋ ሰው ናቸው። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቁት ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ሲጭኑ ነው። መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሐጂ እንላቸዋለን። ዛፉን በገፉ ቁጥር አንድ ነገር ሳይናገሩ አያልፉም።

"ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ ትላላችሁ" ይሉታል። "ከእናንተ ወገን ባሕር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።"

"እርስዎስ ባሕር አፍ ላይ ተወልደው መዋኘት አይችሉም" ይላቸዋል ባለቤቴ።

"የሚዋኝ ዓሣ ነው። ሰው በጀልባ ይሄዳል።"

ባለቤቴ የሚስቀው ከሳቸው ጋር ብቻ ነበር።

ዛፉ አደገ። ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም፤ እዚያ ባሕር ዳር እንዳሉት ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣ ነበር። ያለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቡጥ አወጣ። ባለቤቴ ነው ያየው። ጠርቶኝ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ትናንሽ አረንጓዴ ጣቶች። ልጃችን ልኮለት ስልኩ ላይ ካለው ምስል ጋር አስተያየው፤ አንድ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ይፈነዳል አለ። ልጃችን ከሞተ ወዲህ ስለሚቀጥለው ዓመት ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ብርድ ሳይገባ ሃውስማይስተሩ፣ የሕንጻው ጠባቂ፣ በራችንን አንኳኳ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ተናግሮን አያውቅም። ከእንግዲህ በትሬፐንሃውሱ ምንም ነገር አይቀመጥም አለ፤ ጫማም፣ የልጅ ጋሪም፣ ተክልም። እሳት ቢነሳ ሰው መውጫ ያጣል። ማስታወቂያው በሁሉም በር ተለጥፏል፤ ለእኛ ግን ዛፉን ስለሚያውቅ ራሱ መጥቶ መንገር ፈለገ። ተክል ተቀብሎ ብርዱ እስኪያልፍ የሚያኖር አትክልተኛ አለ፣ ልደውልላችሁ አለን።

ባለቤቴ አመስግኖ እምቢ አለ። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ "ልጄን ለማላውቀው ሰው አደራ አልሰጥም" አለ።

ልጄን ነው ያለው።

ቤት ውስጥ እንዳናስገባው የበረንዳው በር ለቅርንጫፎቹ ጠባብ ነው፤ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ነው። ኬለሩ፣ ከሕንጻው ሥር ያለው ዕቃ ቤት፣ ጨለማ ነው። ሐጂ ቤቴ ይግባ አሉ፤ የሳቸውም ቤት ያው እንደ እኛው ነው፣ ያውም ደረጃ መውጣት አለበት። ባለቤቴ ሁለት ቀን አሰበ። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ተፈትቶ ተነሣ።

"እንቆርጠዋለን" አለኝ።

ምን ማለትህ ነው አልኩት። ያስረዳኝ ጀመር፤ እኔም የማውቀውን ነገር ነው የሚያስረዳኝ። አባቱ እንዴት ያስቆርጡ እንደነበር ነገረኝ። ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር አጋደል አድርጎ። ቅርንጫፍ አይተዉለትም፤ የተተወ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ይበላዋል፤ ጉቶው ባዶ ሲሆን ነው ከሥሩ የሚገነፍለው። ከሚያቆጠቁጠው መሐል ቀጥ ያሉት ሁለት ሦስት ይመረጣሉ፤ ሌላው ይነቀላል። በጥቂት ዓመት ከፊተኛው ይበልጣል። ገንዳውንና ጉቶውን መኝታ ቤት እናስገባለን፤ ሙቀት ሲመጣ ያቆጠቁጣል።

"ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሞተ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ሰምቼ አላውቅም። እውነት ነው። ሀገራችን ውስጥ ከባሕር ዛፍ ጉቶ የበለጠ የሚታመን ነገር የለም። ሰው ቆርጦት ረስቶት ይሄዳል፤ ሲመለስ ደን ሆኖ ይጠብቀዋል። ሐጂም በሳቸው ሀገር ቀላሚጦስ እንደሚባልና እንዲሁ እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ሦስት ሽማግሌዎች ነን፤ ከሦስታችን አንዳችንም አልተጠራጠርንም። ማንንም ጀርመን አልጠየቅንም። ስለ ባሕር ዛፍ ጀርመን ምን ይጠየቃል?

እንቡጡስ አልኩት። "መልሶ ያወጣል" አለ።

መጋዙን ያመጡት ሐጂ ናቸው። እኔ ግንዱን ያዝኩ። መቁረጡን ግን ለማንም አልሰጠም፤ በየመሐሉ ወንበሩ ላይ እያረፈ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ እየጠበቀ ራሱ ቆረጠ። ሐጂ ከታች ያሉትን ሁለት ቅርንጫፎች አይተው፣ "ወንድሜ፣ እነዚህን እንኳ ተዋቸው፤ ራቁቱን አታስቀረው" አሉት።

"ሐጂ፣ እርስዎ ዓሣዎን ይጠብሱ" አለ። እነሱንም ቆረጣቸው።

ጉቶውን በመዳፉ ጠራርጎ እርጥብ መሆኑን አሳየን። ነጭ ነበር። ደስ ብሎት ነበር ማለት እችላለሁ። ያን ዕለት ማታ ከቅጠሉ አፍልቼ በጋቢ ተሸፍኖ ታጠነ፤ ቤታችን ጉንፋን ሲገባ ሁልጊዜ እንደምናደርገው። ከጋቢው ሲወጣ ፊቱ ወዝቶ፣ "ሽታው እንደኛው አይከብድም፤ ግን ደረት ይከፍታል" አለ። እንቡጥ ያለባቸውን ቅርንጫፎች በብርጭቆ ውሃ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። ብዙ ሳይቆዩ ጠቆሩ፤ እሱ ሳያይ ጣልኳቸው።

ጉቶው በአልጋችንና በመስኮቱ መካከል ከረመ። ባለቤቴ በየጥቂት ቀኑ ልጡን በጥፍሩ ጫር ያደርግና ውስጡን ያያል። አረንጓዴ ነው ይለኛል። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጫር አድርጎ አይቶ ምንም ሳይለኝ መጋረጃውን ከፈተ።

ሙቀት ሲመጣ በረንዳው ላይ አወጣነው። ሐጂ ሲገፉት ምንም አልቀለዱም። ባለቤቴ እንደ ድሮው ወንበሩን አጠገቡ አድርጎ ተቀመጠ። የሀገሩ ቅዝቃዜ አዘግይቶት ነው አለ። ቀጥሎ ዝናብ ይፈልጋል አለ። ዝናቡ ሲመጣ ሥሩ ገንዳው ውስጥ ተጨናንቆ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል አለ። እኔም አዎ እለዋለሁ። የሌላው ሰው በረንዳ አበባ በአበባ ሆነ፤ ጉቶው ላይ ልጡ ተሰንጥቆ መላጥ ጀመረ። የትንፋሽ ልምምዱን ሲተው አየሁ። በመጀመሪያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ብዙ ቀን። ትንፋሹ ስለባሰበት ሐኪሙ ቤት ውስጥ የሚቆም የኦክስጅን መሣሪያ ሊያዝለት ቴርሚን፣ የቀጠሮ ቀን፣ ሰጠው። ትሄዳለህ ወይ ስለው፣ መጀመሪያ ያቆጠቁጥና እሄዳለሁ አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለዚህ ነው ለሱ ሳልነግረው ወደ ከተማው የዕፅዋት መናፈሻ የሄድኩት። የዛፉን ፎቶ በስልኬ፣ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ በፌስታል ይዤ ነበር። ከመስታወት ቤቱ በር ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ አገኘሁ፤ እጇ አፈር ነበር፤ ሥራዋን ትታ አየችልኝ። የእንቡጡን ፎቶ ስታይ ወዲያው ዐወቀችው። የት እንደሚበቅል እኔ ሳልናገር ነገረችኝ፤ ቋጥኙን፣ አሸዋውን፣ የጨው ነፋሱን። አንድ ጠባብ ጠረፍ ላይ ብቻ ነው በተፈጥሮው ያለው አለች።

ከዚያ ስለ ጉቶው ጠየቅኳት።

ብዙዎቹ ባሕር ዛፎች ከግንዱ ሥር፣ አፈር ውስጥ ገባ ብሎ፣ እብጠት አላቸው አለችኝ፤ ተቆርጠው የሚያቆጠቁጡት ከዚያ ነው። ይህኛው የለውም። በሀገሩ እሳት ሲያልፍበት ይሞታል። ፍሬው በእሳቱ ሙቀት ይከፈትና ዘሩን አመዱ ላይ ያራግፋል፤ ዝናብ ሲመጣ አዲስ ይበቅላል።

"አሮጌው አይመለስም" አለችኝ። "ልጆቹ ናቸው የሚተኩት።"

እንደ ማንኛውም ነገር ነው የነገረችኝ። ሌላ እንዴት ትነግረኛለች? ከታች ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቢቀርለት ኖሮ ይተርፍ እንደነበር፣ ራቁቱን ግንድ ግን ፈጽሞ እንደማይችል ጨምራ ነገረችኝ። ዘር ተፈልጎ ይገኛል፣ ልፈልግልዎ አለችኝ። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኳት። ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ። ወደ ቤት በእግሬ ነው የተመለስኩት። እንዳልነግረው ነበር ያሰብኩት፤ ግን እየጠበቀ መኖሩ እውነቱን ከመስማቱ ይከፋል ብዬ መንገድ ላይ ሐሳቤን ለወጥኩ። ትክክል እንደነበርኩ አላውቅም።

በረንዳው ላይ ጉቶውን ውሃ ሲያጠጣ ደረስኩ።

"ከመናፈሻው ጠይቄ መጣሁ" አልኩት። "አያቆጠቁጥም። ዘሩ እንዲያ ነው፤ ከተቆረጠ አይመለስም።"

ማጠጣቱን አላቆመም። "ባሕር ዛፍ ነው" አለ።

"ባሕር ዛፍ ነው። እንደኛው ግን አይደለም።"

ማጠጫውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ጠየቀኝ።

"እነዚያን ሁለት ቅርንጫፎች ትቼለት ቢሆንስ?"

በጋብቻችን ዘመን ፊት ለፊት ጠይቆኝ ዋሽቼው አላውቅም።

"ይተርፍ ነበር አለች" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ሐጂ ብለውኝ ነበር።"

"ግንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ያዝሽ" አለ። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ተነሥቶ ገባ። ከዚያ ወዲህ የበረንዳውን በር ከፍቶ አያውቅም። ገንዳውን ሐጂ ልውሰደው ቢሉ፣ እንደፈለጉ አላቸው፤ ወጥቶም አላየም። ሐጂ አሁን ከሰዓት በኋላ ወርደው አብረውት ይቀመጣሉ። ወሬ ያመጣሉ፤ እሱ አዎ፣ አዎ ይላል። አንድ ቀን ምፅዋን፣ ባሕሩን፣ ሕፃን ሳሉ አባታቸው ጀልባ ላይ እንዴት እንዳስተኟቸው ሲያወሩለት በጨዋ ቃል፣ ሐጂ ስለ ባሕር አይንገሩኝ አላቸው።

የሐኪሙ ቀን ደረሰ። ልብሱን አወጣሁለት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን አየው።

"አልሄድም" አለኝ።

"መሣሪያው ቢመጣ ይቀልልሃል።"

"ለምኑ?"

እኔ አለሁ ማለት ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ተባብለን ስለማናውቅ አላልኩትም፤ ብነግረውም ይነሣ ነበር ብዬ አላስብም። ሸሚዙን መልሼ ሰቀልኩት።

ወደ ሐኪም ቤቱ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ድምጿ የለመድኩት ነው። ባለቤቴ ዛሬ መምጣት አይችልም፣ ቴርሚኑን ይሰርዙልን አልኳት። አዲስ ቀን ልስጥዎ አለችኝ። አሁን አልይዝም አልኳት። ምሕረቱን ይላክለት አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ።